ዝቅ ብሎ የተቃኘ ከተማ

ሰውዬው ፒያኖ ቃኚ ነው። ዕድሜው ሃምሳ ሁለት። በከተማው አርባ አንድ ፒያኖ አለ፤ አርባ አንዱንም በጠባያቸው ያውቃቸዋል። የሆቴሉ በዝናብ ወራት ይታመማል። የመዋዕለ ሕፃናቱ ሁለት ቁልፎች በማስቲካ ተጣብቀዋል። የጥርስ ሐኪሙ ቤት ያለውን ማንም ነክቶት አያውቅም፤ ግን በየስድስት ወሩ ይቃኛል፣ ለእንግዳ የሚታይ ዕቃ ነውና።

ሰዎች ጆሮ ይሉታል። ስሙን ያወጡለት መምህሩ ናቸው፤ ከተማው በሙሉ ጋሼ የሚላቸው ሽማግሌ። ከጋሼ ያገኘው ስሙን ብቻ አይደለም። ሙያውን፣ መፍቻውን፣ ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን የሚጠርግበትን አኳኋን ሳይቀር ከእሳቸው ወስዷል። ሻይ ሲጠጣ እንደ እሳቸው ብርጭቆውን ከላይ በሁለት ጣት ይይዛል፤ ይቃጠላል፣ ግን ይይዛል። ከእሳቸው ፈልጎ ያጣው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያንን ያገኘችው ሌላ ሰው ናት።

ነገሩ የተጀመረው በወጣቶች ማእከሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ አንድ አሮጌ ፒያኖ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ መስታወቱ በካርቶን የተተካ መስኮት። ተማሪዎቹ ሁለት ነበሩ። እሱ አሥራ ሦስት ዓመቱ፣ እሷ አሥራ ሁለት። እሱ ቀድሞ እየመጣ ቁልፎቹን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል። እሷ ዘግይታ እየመጣች የተወለወለው ላይ ትጫወታለች።

አንድ ቀን ጋሼ ሁለቱንም አንድ ዓይነት ዜማ አስጫወቷቸው። እሱ አልተሳሳተም። እሷ ሦስት ቦታ ተሳሳተች። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤ ሲጨርሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንተ ጆሮ ነህ» አሉት። «እሷ ጣት ናት። ሁለታችሁም ታስፈልጉኛላችሁ።»

በዚያው ቀን የመቃኛ ሹካቸውን ሰጡት። ሁለት ጥርስ ያላት ብረት ናት፤ ጉልበት ላይ መታ አድርገው ወደ ጆሮ ሲያስጠጓት አንድ ድምፅ ብቻ ታወጣለች፣ «ላ» የሚባለውን ኖታ። ቃኚ ሥራውን የሚጀምረው ከዚያች ላ ነው፤ ሌላው ሁሉ እሷን ተከትሎ ይሰለፋል።

«ከዚህች ሌላ እንዳትሰማ» አሉት።

አንድ ሳምንት ሙሉ ኮራ። ለእናቱ አሳየ፣ ለሰፈር ልጆች አሳየ፣ ሹካዋን በየሰዉ ጆሮ ሥር አስጮኸ። በሳምንቱ ነገሩ ገባው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ፒያኖው የእሷ ሆነ። የእሱ ቀን እሑድ ነው፤ ያውም ክዳኑን ከፍቶ፣ እሷ ስትደበድበው የከረመችውን ሊያስተካክል።

ከዚያ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

እሷ ወደ ትልቁ ከተማ ሄደች፣ ተማረች፣ አስተማሪ ሆነች፤ በዓመት አምስት ስድስት ጊዜ መድረክ ላይ ትጫወታለች። ጋዜጣ ላይ ስትወጣ ጋሼ ቆርጠው ያስቀምጣሉ። የሚቆርጠው እሱ ነው፤ የእሳቸው እጅ ይንቀጠቀጣል። ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለው ፎቶግራፍ የመጀመሪያ ኮንሰርቷ ዕለት የተነሳ ነው። እሷ መሃል ላይ አበባ ይዛለች፣ ጋሼ አጠገቧ ቆመዋል፤ በስተቀኝ በኩል ደግሞ የአንድ ሰው ክርን ይታያል። ክርኑ የእሱ ነው።

እሑድ እሑድ ጋሼ ዘንድ ይሄዳል። የጋዝ ሲሊንደር ይቀይራል፣ መድኃኒታቸውን በየቀኑ ከፋፍሎ በሳጥን ያስቀምጣል፣ ጥፍራቸውን ይቆርጣል። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ እሷ ትደውላለች። ስልኩ ሲጮኽ ጋሼ እጃቸውን ከመቁረጫው ይመነጭቃሉ።

«ልጄ ናት» ይላሉ።

ልጅ የላቸውም። እሱ የጥፍሩን ስብርባሪ ከወለሉ ይለቅማል፣ እሳቸው ይስቃሉ። በሌላው ሦስት እሑድ እንዲህ ሲስቁ ሰምቶ አያውቅም። አንዴ ተነስቶ መቁረጫውን መሶብ የሚያህል ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ወረወረው። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ አወጣው። ሌላ አልነበራቸውማ።

ጋሼ ሰማንያ አራት ዓመት ሲሞላቸው ከተማው ኮንሰርት ሊያዘጋጅላቸው ወሰነ። ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ቦታው የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ። የምትጫወተው እሷ ናት፤ ባሏም አኮርዲዮን ይዞ አብሯት ይመጣል። ፒያኖውን የሚቃኘው እሱ ነው። ግብዣ ወረቀቱ ላይ የእሷ ስም በትልቁ፣ የባሏ በመካከለኛው፣ የከንቲባው በሁለት ቦታ ተጽፏል። የቃኚ ስም ወረቀት ላይ አይጻፍም። ያም ሆኖ ከታች እስከ ላይ ሁለት ጊዜ አነበበው።

ሐሙስ ጠዋት ለልምምድ መጡ። እሱ ፒያኖውን ረቡዕ ቃኝቶ ጨርሶ፣ ክዳኑን እየጠረገ ነበር።

«አንተ ጆሮ!» አለች ከበሩ። «አሁንም እዚሁ ነህ?»

«ፒያኖው እዚህ ነዋ። የት ልሂድ?»

አቀፈችው። ሽቶዋ ኮቱ ላይ ቀረ።

«ከስተሃል።»

«አንቺ ደግሞ እኔ የከሳሁትን ወፍረሻል።»

«ምቀኛ አታሳጣኝ አለ ሰውዬው!» ብላ አዳራሹ እስኪያስተጋባ ሳቀች። ባሏም ሳቀ። ባሏ ግዙፍ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ለሁሉም ወንበር የሚስብ ሰው ነው። ሊጠሉት የሚያስቸግር ዓይነት። ጆሮ ይህንንም ቆጠረባት።

ባሏ አኮርዲዮኑን ከሳጥኑ ሊያወጣ ዞር ሲል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ ስለ እኔ ያነሳሉ?»

ጉሮሮውን ጠረገ።

«ብዙም አይደለም። ሰማንያ አራት ዓመት እኮ ነው። ይረሳሉ።»

«ስደውልላቸው ግን...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ወንበሩን ወደ ፒያኖው አስጠጋች። እሱ ያቺን ውሸት እስከ ዛሬ አላስተካከላትም።

ተጫወቱ። አሥር ምት ሳይሄዱ ባሏ አቆመ። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና አቆመ። ሁለቱ መሣሪያዎች አንድ ላይ ሲጮሁ ድምፁ ይዋልላል፤ ጎማው የላላ ጋሪ ድንጋይ ላይ ሲሄድ እንደሚለው ነው።

«ይቅርታ፣ ጌታዬ» አለ ባሏ፣ ፊቱ በሐፍረት ቀልቶ። «ፒያኖው ትንሽ የወረደ ይመስለኛል።»

«የወጣው ያንተ አኮርዲዮን ነው።»

«ሊሆን ይችላል፣ ሊሆን ይችላል።»

«ይችላል አይደለም፣ ነው። ይሄ ትናንት የተቃኘ ፒያኖ ነው።»

«ተው እንጂ» አለችው ለባሏ። «ጆሮ እኮ ነው። ጋሼ ራሳቸው ያወጡለት ስም ነው። እኔ ምንም አልሰማሁም።»

ልትከላከልለት ነው የተናገረችው። እሱን ያሳረረው ግን ባሏ ሳይሆን ይኸው መከላከሏ ነው።

ባሏ አልተከራከረም። ስልኩን አውጥቶ ፒያኖው ክዳን ላይ አስቀመጠ። ድምፅ የሚለካ ነገር አለው፤ ስክሪኑ ላይ ቀጭን መርፌ ትወዛወዛለች፣ ትክክል ሲሆን መሃል ትቆማለች። አኮርዲዮኑን አስጮኸ፤ መሃል። ፒያኖውን መታ፤ ወደ ግራ። እንደገና መታ፤ ወደ ግራ።

«ስልክ ሙዚቃ ያውቃል?» አለ ጆሮ።

ነገር ግን እጁ ቀድሞት ወደ ኪሱ ገብቷል። ሹካዋን አወጣ፣ ጉልበቱን መታ፣ ወደ ስልኩ አስጠጋ። መርፌዋ ወደ ግራ ሄዳ፣ ፒያኖው ላይ የቆመችበት ቦታ ላይ ቆመች። ፀጉር ታህል አላለፈችም፣ አልጎደለችም።

ባሏ ስልኩን ቀስ ብሎ አነሳና ኪሱ ከተተ፣ የሰው ገመና እንደሚሸፍን።

ጆሮ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። አርባ አንድ ፒያኖ። የሆቴሉ፣ የመዋዕለ ሕፃናቱ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ ሦስቱም ትምህርት ቤቶች። ከተማው በሙሉ በአንዲት ሹካ ዝቅ ብሎ ሠላሳ ዓመት ኖሯል። ዘፋኞች አልተቸገሩም፤ እንዲያውም ይመቻቸዋል። ጊታር የሚጫወት ጊታሩን በፒያኖው ይቃኛል። አንድ ጊዜ ከሌላ ከተማ የመጣ የነፋስ መሣሪያ ቡድን አጉረምርሞ ነበር። እሱም «የእናንተ ነው የወጣው» ብሎ ሸኝቷቸዋል።

የባሰውን ያስታወሰው ቀጥሎ ነው። ይህ የአዳራሹ ፒያኖ ከስምንት ዓመት በፊት አዲስ ሆኖ በሣጥን መጣ። ከፋብሪካ ሲወጣ ትክክል ነበር። እሱ ሹካዋን መትቶ ሰማና «መንገድ ላይ ወጥቷል» አለ። ሁለት ቀን ሙሉ፣ ሽቦ በሽቦ፣ በገዛ እጁ አወረደው።

«አኮርዲዮኑን ዝቅ ማድረግ አይቻልም?» አለች።

«አይቻልም» አለ ባሏ። «ውስጡ ያሉት የብረት ምላሶች አንዴ ተሞርደው ያለቁ ናቸው።»

«እንግዲያው ፒያኖው ይውጣ» አለ ጆሮ። «ሁለት መቶ ሠላሳ ሽቦ ነው። አንዴ ስስበው ይመጣል፣ ዞር ስል ይመለሳል። ነገ አንድ ዙር። ቅዳሜ ማለዳ አንድ ዙር። ከምሳ በፊት ሦስተኛ። ያኔ ይይዛል።»

«አንዱ ዙር ቢቀርስ?»

«መሃል መድረክ ላይ ይከዳሻል።»

«በአንተ እጅ ነኝ በለኛ» አለችና ትከሻውን መታ መታ አደረገች።

በእሱ እጅ ነበረች። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሆና አታውቅም። ሐሙስን ቀኑን ሙሉ ያሰበው ይህንኑ ነው። ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም። አንድ ዙር መተው ብቻ ነው። ታዳሚው «ዛሬ ምን ነካት?» ይላል። ጋሼ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይሰማሉ።

ዓርብ የመጀመሪያውን ዙር ሠራ። ባሏ አዲስ ሹካ አዋሰው። አሮጌዋን ይዞ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ዘንድ ሄደ። እሑድ አይደለምና ሽማግሌው ደነገጡ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ጋሼ፣ ይህች ሹካ ዝቅ ያለች ናት።»

«አውቃለሁ» አሉ።

አጠገባቸው ያለው ወንበር ላይ ጋዜጣ ተቆልሏል። አንስቶ አልተቀመጠም፤ ቆመ።

«እኔ ነኝ የሞረድኳት» አሉ። «ያ የማእከሉ ፒያኖ ሽቦ የሚይዝበት እንጨት ተሰንጥቆ ነበር። ወደ ላይ ከሳብከው ሽቦ ይበጥሳል። አንዱ ግንባሬን ስቶኝ ነው ያለፈው። ሥሯን ሞርጄ አወረድኳት፣ እሱ የሚችለው ድረስ።»

«ያ ፒያኖ ከተጣለ እኮ ሃያ ዓመት አለፈው።»

«አለፈው።»

«አዲሱ ሲመጣ ለምን አልነገሩኝም?»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ትሰማለህ ብዬ ጠበቅኩ።»

«ስምንት ዓመት?»

«ዘንድሮ ይሰማል፣ ለከርሞ ይሰማል እያልኩ። ጆሮ ብዬህ የለ?»

ይህን ሲሉ አልተቆጡም፣ አልቀለዱም። የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚናገር ሰው ነው የተናገሩት።

«እሷስ? እሷም እኮ አልሰማችም! ባሏ ነው የሰማው! እሷማ “ምንም አልሰማሁም” ነው ያለችው።»

«ከእሷ ጆሮ መች ጠበቅኩ?» አሉ። ቀጥለውም፣ «መጣች እንዴ? ምነው ሳትነግረኝ! ከሳች? ወፈረች?»

ብርጭቆ ውሃ ቀዳላቸውና ለሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሆዱ ውስጥ የቆየውን ጥያቄ ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን እኔ አልተሳሳትኩም። እሷ ሦስት ቦታ ተሳስታለች። ለምን እሷን መረጡ?»

ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አሰቡ። ሊያስታውሱ እየሞከሩ ነበር። ያን ቀን እንደሌሎቹ ቀኖች ረስተውታል፤ ይህ ከመልሱ በፊት ታየው።

«ፒያኖው አንድ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እናንተ ሁለት ናችሁ። እሷን ብከለክላት ቤቱን ታፈርሰው ነበር፣ ታውቃታለህ። አንተ ግን ጨርቅ ይዘህ ቀድመህ የምትመጣ ልጅ ነበርክ። ብትከለከልም ትመጣለህ።»

«በዚህ ብቻ?»

«ታዲያ አልመጣህም?» አሉት።

ውሃቸውን አስጨርሷቸው ወጣ። መንገዱ ላይ ሰላም ያሉትን ሰዎች አላያቸውም። ሱቅ በር ላይ አንዲት ልጅ በአፏ ዜማ ታሰማ ነበር። ዝቅ ብላለች፤ መዋዕለ ሕፃናት የተማረችው ዜማ ነው።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ መሆን ነበረበት። ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ቤቱ ነው። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ ቤቱ ነው። ጫማውን አድርጓል፣ የመፍቻ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አስቀምጧል፣ መስኮቱን ያያል። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ መጋረጃ ዘርግታ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣለች።

«አትሄድም እንዴ?»

«እሄዳለሁ።»

«የዛሬ ቅዳሜ ነው ወይስ የሚመጣው?»

«እሄዳለሁ አልኩሽ።»

መኪናዋን አንድ መስመር አስኬደችና አቆመች።

«ስማ አንተ ሰውዬ። ሃያ አራት ዓመት በዚህ ቤት ከእኔ ስም ይልቅ የእሷ ስም ተጠርቷል። አንድ ቀን ቀንቼ አውቃለሁ?»

«ምን ያስቀናሻል?»

«ምንም። ሴትዮዋን ወደሃት ቢሆን ኖሮ ፀጉሯን ነጭቼ እገላገል ነበር። አንተ ግን በሽማግሌ ነው የምትቀናው። የሽማግሌ ምኑ ይነጫል? መላጣ ናቸው።»

አልሳቀም። እሷም መርፌው ሥር ጨርቁን አስገባች።

«እሳቸው አንተን ፒያኖ ቢያስጫውቱህ ኖሮ» አለች፣ እየሰፋች፣ «ዛሬ መጥፎ ፒያኒስት ሆነህ እዚሁ ተቀምጠህ ነበር። አሁን ጥሩ ቃኚ ሆነህ ተቀምጠሃል። ልዩነቱ ፒያኖ አለመኖሩ ነው፤ ቤታችን ጠባብ ስለሆነ እግዜር ይስጣቸው።»

«አልገባሽም።»

«አልገባኝም። የገባኝ፣ እነዚያ ሰዎች አሥር ሰዓት ላይ ቆንጆ ልብስ ለብሰው ሊመጡ ነው። እኔም ለብሼ ልመጣ ነው። ፒያኖው ቢንቋረር ደግሞ ማንም “እሷ ምን ሆነች?” አይልም። “የማን ባል ነው የቃኘው?” ነው የሚለው።»

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አዳራሹ ደረሰ። መንገዱን ሁሉ ባለቤቱ ተሳስታለች እያለ ነው የሄደው። ማንም አይጠይቅም፤ ማንም ቃኚ መኖሩንም አያውቅም። ይህ ነበር ችግሩም።

አሁን የቀረው ጊዜ ለአንድ ዙር ብቻ ይበቃል። መሃሉን በደንብ ሠራ፤ በመሃሉ ላይ ማንም ቃኚ ቸል አይልም። ወደ ላይ ወደ ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች ሲወጣ ዘጠኝ ሰዓት ቀርቧል፣ ወንበር ደርዳሪዎቹ ብረት ያንኳኩ ጀመር። የላይኞቹን ፈጠን ፈጠን እያደረገ አለፋቸው። አንዳንዱን ሽቦ ከሳበ በኋላ ወደ ታች ተጭኖ ማረጋጋት ነበረበት፤ ዘለለው። ሰዓት ስለሌለ ነው አለ ለራሱ። ሰዓቱን ማን እንደጨረሰው ያውቃል።

እሷ ልብሷን ቀይራ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ አለች።

«ያዘ?»

«ይዟል» አላት።

አሥር ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ወደ ሦስት መቶ ሰው ይሆናል። ጋሼን ደግፈው የመጀመሪያው ረድፍ መሃል ላይ አስቀመጧቸው። ጆሮ ሁልጊዜ እንደሚቀመጠው ከኋላ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ባለቤቱ ከጎኑ ናት፣ አዲስ ነጠላ ጫማ አድርጋለች፤ ጠቦኛል እያለች ታወልቀዋለች፣ ታደርገዋለች።

ሁለቱ የመጀመሪያ ዜማዎች አለፉ። አኮርዲዮኑና ፒያኖው ገጠሙ። ሰው አጨበጨበ። ሦስተኛው የእሷ ብቻ ነው፤ ባሏ ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። እሷ መጫወት ጀመረች። ጥሩ ተጫወተች። በእውነት ለመናገር፣ ከዚህ በፊት ሰምቷት ከሚያውቀው ሁሉ የተሻለ ነበር፤ ጆሮ ይህን ለመካድ የሚያስችል ጆሮ አልነበረውም።

መሃሉ ላይ የላይኛዋ «ሚ» ኖታ ከዳች።

እያንዳንዱ ቀጭን ድምፅ ሦስት ሽቦ አለው። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ አንድ ይመስላሉ። አንዱ ሲያፈገፍግ ድምፁ ይኮመጥጣል። ዜማዋ ደግሞ የምትመላለሰው እዚያችው ሚ ላይ ነው። መታቻት፤ ኮመጠጠች። እንደገና መታቻት። ትከሻዋ ትንሽ ወደ ላይ ሲወጣ ከኋላ አየ። ሰምታለች። መጫወቷን አላቋረጠችም።

ታዳሚው ምንም አልሰማም። ባለቤቱ ጫማዋን እያደረገች ነው።

ጋሼ አንገታቸውን አዞሩ። ወደ ከንቲባው አይደለም፣ ወደ መድረኩም አይደለም። እየተንቀጠቀጡ፣ የወንበሩን መደገፊያ ይዘው፣ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞሩ፤ እሱ ወደሚቀመጥበት ወደ በሩ። ከዚያ ርቀት ዓይናቸው ሰው አይለይም። ግን ዞረው ቆዩ።

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት እሷ ስትጫወት ጋሼ ከእሷ ላይ ዓይናቸውን አንስተው አያውቁም። ዛሬ አነሱ። ደስ አለው። ደስታው ዜማው አንድ ጊዜ ተመላልሶ ወደ ሚ እስኪመለስ ድረስ ቆየ። ከዚያ ሚዋ እንደገና ተመታች፣ እሱም በዚያ ሁሉ ሰው መሃል የገዛ እጁን የለብ ለብ ሥራ ሰማ። እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ደበቃቸው።

ለእረፍት መብራት ሲበራ ቦርሳውን ይዞ ተነሳ።

«ወዴት?» አለች ባለቤቱ።

«ልሠራ።»

ወደ መድረኩ ለመውጣት በመጀመሪያው ረድፍ ፊት ማለፍ ግድ ነው። ጋሼ በእግሩ አረማመድ አወቁት።

«ና እዚህ» አሉ።

ጎንበስ አለ።

«ጠዋት አልመጣህም።»

ማንም አልነገራቸውም። ከሽቦው ነው የሰሙት።

«አልመጣሁም።»

«ታመህ ነው?»

«አይደለም፣ ጋሼ። ቀንቼ ነው።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። አጠገባቸው የተቀመጠው ከንቲባ ዞር ብሎ አየው። ጋሼ ግን አልደነገጡም፣ አላዘኑም፣ አልሳቁም። ውጭ ካፊያ አለ እንደተባሉ ያህል ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የላይኛው ሶልም እየወረደ ነው» አሉ። «ሂድ።»

ሄደ።

መድረኩ ላይ ወጣ፣ ክዳኑን ከፍ አደረገ፣ ሦስተኛዋን ዝም ለማሰኘት በሽቦዎቹ መሃል የሱፍ ቁራጭ ሻጠ። መፍቻውን አስገባ። ሚን መታ። ምንም መስማት አልቻለም። ሦስት መቶ ሰው ያወራል፣ ወንበር ይንጫጫል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ከንቲባው ስልክ ያናግራል። ሽቦዎቹ ሲዋልሉ የሚሰማው ድምፅ ከትንኝ ድምፅ ያነሰ ነው። ጆሮውን ወደ እንጨቱ አስጠጋ። እንደገና መታ። ላብ አንገቱ ሥር ገባ። አሥር ደቂቃ አለው፤ በዚህ ጫጫታ አንድ ሰዓትም አይበቃው።

ከመጋረጃው ጀርባ የውሃ ብርጭቆ እንደያዘች መጣች። ፒያኖው አጠገብ ቆመችና አየችው። ምን እንዳደረገ ያወቀች መሰለው። ብርጭቆዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች፣ ወደ መድረኩ ጫፍ ሄደች፣ አንድ እጇን አነሳች።

«እባካችሁ» አለች። «ጸጥ በሉልን። ቃኚው እየሠራ ነው።»

ጫጫታው ከፊት ረድፍ ጀምሮ ወደ ኋላ ቀጥ እያለ ሄደ። ከንቲባው ስልኩን ዘጋ። ሕፃኑ እንኳን አንድ ጊዜ ሲቃ ብሎ ተወው። ሦስት መቶ ሰው ትንፋሹን ይዞ ወደ እሱ ተመለከተ፤ እሱን ሊሰማ። እንዲህ ያለ ጸጥታ በሕይወቱ አግኝቶ አያውቅም፤ ስንት ጊዜ ተመኝቶታል።

የሰጠችው እሷ ናት። አንድ እጇን አነሳች፣ በቃ። እሱ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ያላገኘውን በአንድ እጅ። ይህም ደግሞ ውስጡን ለበለበው፤ እየለበለበውም መፍቻውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ፣ ሚን መታ፣ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። ሽቦዋ ትዋልላለች። በትንሹ ሳባት።